ወደ ማማው በአሸዋው በኩል

በዚያ ጁምዓ ሶላቱ አብቅቶ ሰው ጫማውን ሲፈላልግ፣ ኑርሁሴን ከመስጊዱ ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ወጥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። ያ ድንጋይ ላይ የሚወጣው ወይ ሰው ሲሞት፣ ወይ በሬ ሲጠፋ፣ ወይ ማዳበሪያ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ሕዝቡ አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ እንዳስገባ ቆመ።

«ጀመዓ» አለ ኑርሁሴን፤ «ያልሰማ ካለ አሰሙልኝ። ከነገ ሱብሂ ጀምሮ ወደ ማሽላዬ በዋናው መንገድ አልሄድም።»

ሰው ቀሪውን ጠበቀ።

«በአሸዋው በኩል ነው የምሄደው» አለና ወረደ።

ከኋላ የቆሙ አንድ ሽማግሌ «ማን ነው የሞተው?» ብለው አጠገባቸው ያለውን ጠየቁ።

«ማንም አልሞተ። ኑርሁሴን መንገድ ቀየረ።»

ሽማግሌው «እንዲያም ቢሆን አላህ ይዘንለት» አሉና ሁለተኛውን ጫማ አጠለቁ።

ማስታወቁ ግን ያለ ነገር አልነበረም። በዚያ አገር የለመደውን መንገድ የቀየረ ሰው የተጣላ ሰው ነው። በዚህ በኩል ማለፍ ካቆመ በዚህ በኩል ካሉት ቤቶች አንዱን አኩርፏል ማለት ነውና፣ ቤቱ እስከ ማታ፣ ምክንያቱ ደግሞ እስከ ነገ ይገኛል። ምክንያት ባይኖርም ይገኛል። ኑርሁሴን ይህን ስለሚያውቅ አስቀድሞ ተናግሮ ተገላገለ። እሱ እንደዚያ መስሎት ነበር።

ሰውዬው ሃያ ሁለት ዓመት ከከሚሴ ሰንበቴ ሚኒባስ ሲነዳ ኖሮ፣ ጉልበቱ ፍሬን መርገጥ ሲሰለቸው ወደ እርሻ የገባ ነው። ማሳው የሚስቱ የሰዓዲያ ነው፤ ከአባቷ የደረሳት። እሱ መሪ ላይ በነበረበት ዘመን የሚያርሰው ታላቅ ወንድሟ ሙሄ ነበር፤ በእኩል፣ ግማሹ ለእሱ ግማሹ ለእሷ። የዛሬ ሦስት ዓመት ኑርሁሴን «እኔ በሕይወት እያለሁ የሚስቴን መሬት ሌላ አያርሰውም» ብሎ ተረከበ። ሙሄ ምንም አላለም። ሙሄ እስካሁን ድረስ ምንም ሳይል የኑርሁሴንን ማሳ ከአጥሩ ላይ ተደግፎ ያያል።

የመጀመሪያው ዓመት ዝናቡ ቀደም ብሎ አቆመ። በሁለተኛው ተምች ገባ። በሦስተኛው ግን ማሽላው አማረ፤ ከሰው ቁመት በላይ ሄደ፤ እሸቱ ወተት ያዘ። ሙሄ እንኳ አጥሩ ላይ የተደገፈበትን ክንድ ቀየረ። ያን ጊዜ ድኩላው መጣ።

ከማሳው በላይ ያለው ተራራ ከተከለለ ወዲህ ከብት አይገባበትም። ከብቱ ሲቀር ዛፉ ተመለሰ፤ ዛፉ ሲመለስ ድኩላው ተመለሰ፤ ድኩላው ሲመለስ የኑርሁሴን ማሽላ ሄደ። ቀንዱ ጠምዘዝ ያለ፣ ጎኑ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ወንድ ድኩላ ነው። እንደ ዝንጀሮ መንጋ ይዞ፣ ጮሆ አይመጣም። ወፍ ጠባቂ ማማው ላይ ወጥቶ ወንጭፉን ከማዘጋጀቱ በፊት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ብቻውን ገብቶ የማሽላውን ራስ እየመረጠ በልቶ ይወጣል። እንደ ሹም ነው።

በዋዜማው፣ ሐሙስ ማታ፣ ሰዓዲያ ተናግራ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ማሽላው በየቀኑ አናቱ እየተነሳ ነው። እስከ መጪው ሳምንት ጁምዓ ይህን ፍጥረት ካላባረርክልኝ፣ ለከርሞ መሬቱን አያ ሙሄ እንደ ድሮው በእኩል ይረሰው።»

«እኔስ?»

«አንተማ ከሚሴ መናኸሪያ ቆመህ ተራ ታስከብራለህ።»

ለሹፌር ከዚህ የከፋ ነገር አይነገረውም። ኑርሁሴን እራቱን ሳይጨርስ እጁን ታጠበ።

«ማባረር» የሚለው ቃል የመጣው ከቀበሌው ሊቀመንበር ከሙሀመድኑር ነው። ኑርሁሴን ቀድሞ ሊጠይቀው ሄዶ ነበር።

«መግደል በሕግ ያስጠይቃል» አለው ሙሀመድኑር። «ማባረር ግን የገበሬ መብት ነው።»

«በቀስት ማባረርስ?»

ሙሀመድኑር በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ውጭ ምንም አልነበረም። «ዋናው ማባረሩ ነው» አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በሰፈሩ ማንም ሌላ ቃል አልተጠቀመም። «መቼ ነው የምታባርረው?» ይሉታል። «የሚባረረው ሰውነቱ ደልቧል ይባላል፤ እውነት ነው?» ይሉታል። የመስጊዱ ሸህ ዓብዱልመጂድም ሰው ጠይቋቸው፣ «ሲባረር ቢስሚላህ ከተባለበት፣ ነፍሱ ሳትወጣም በቢላ ከተደረሰበት፣ የተባረረ ድኩላ ሐላል ነው» ብለው አስተምረዋል።

ቀስቱን ኑርሁሴን ራሱ ሠራው። ቀርከሃውን ከከሚሴ ገበያ ገዛ፤ ጅማቱን ከማዳበሪያ ጆንያ ክር ገመደ፤ ለፍላጻው ጫፍ ሚስማር ቀጥቅጦ አሾለ። ሙያውን የተማረው ከስልክ ነው። ስልኩ ላይ አንድ ቀይ ጢም ያለው ፈረንጅ ቅጠል የመሰለ ልብስ ለብሶ ዛፍ ላይ ይቀመጣል። ኑርሁሴን ቋንቋውን አይሰማም፤ ግን ዕድሜውን ሙሉ የትራፊክ ፖሊስ የእጅ ምልክት ሲያነብ የኖረ ሰው ነውና የፈረንጁን እጅ አነበበ። የተረዳውም ይህን ነው፤ ቀስቱ ምንም አይደለም፣ ዋናው መንገዱ ነው። ወደ መቀመጫህ ስትሄድ እንስሳው ከሚተኛበትና ከሚበላበት መሃል አትለፍ። ነፋሱ ከእሱ ወደ አንተ ይምጣ እንጂ ከአንተ ወደ እሱ አይሂድ። ደረቅ ነገር አትርገጥ። ድምፅ አታሰማ።

ፈረንጁ ጎረቤት እንደሌለው ግን ልብ አላለም።

ወደ ማማው የሚወስደው መንገድ ሦስት ነው። ዋናው ከመስጊዱ ተነስቶ በማሳውና በተራራው መሃል ያልፋል፤ ማለትም በድኩላው መኝታና በድኩላው ገበታ መካከል። በዚያ ላይ ከሱብሂ የሚመለስ ጀመዓ አለ፤ እያንዳንዱ እጅ መጨበጥ አለበት። ሁለተኛው በሙሄ ግቢ ውስጥ ነው። ይህ አልታሰበም። ሦስተኛው በታች በኩል ያለው አሸዋ ነው፤ ክረምት ጎርፍ የሚወርድበት፣ በጋ ግን ደረቅ ሆኖ እንደ ዱቄት የሚለሰልስ። በማለዳ ብርዱ ከተራራው ወደ ታች ስለሚወርድ ነፋሱ ፊትን ይመታል። አሸዋ ላይ ደግሞ እግር አይሰማም። ኑርሁሴን መንገዱን ሲያገኝ፣ ፍተሻ የሌለበት ኩርባ እንዳገኘ ሹፌር ብቻውን ሳቀ።

ቅዳሜ ሱብሂን ሰግዶ ወረደ። ሁሉም እንዳሰበው ነበር። የእግሩ ኮቴ ለራሱም አልተሰማውም። አሸዋው አልቆ ወደ ማሳው የሚያወጣው ዳገት ላይ ሲደርስ ግን ፋጡሜ ደጇ ላይ ነበረች።

ፋጡሜ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከልጇ ከአፍናንና ከአንዲት ላም ጋር በአሸዋው ጫፍ የምትኖር የስልሳ ዓመት ሴት ናት። በደጇ መንገደኛ ብዙ አያልፍም። የጁምዓውን ማስታወቂያ የሰማችው እንደ ሌላው ሰው አይደለም፤ «ኑርሁሴን በፋጡሜ ደጅ በኩል ሊሄድ ነው» ብላ ነው የሰማችው። ስለዚህ ደጇን እስከ አሸዋው ድረስ ጠርጋ ጠበቀችው።

«አሰላሙ ዐለይኩም ኑርዬ!»

«ወዐለይኩሙ ሰላም፣ እቴ ፋጡሜ።»

«አካም ቡልቴ? ነጋያ?»

«ነጋያ፣ ደኅና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ሰዓዲያስ አካም ጅርቲ?»

«ደኅና ናት።»

«ልጆቹስ? ጥጃውስ? ጉልበትህስ?»

«ደኅና ነው።»

«ያመመህ ግራው ነበር ቀኙ?»

«ግራው።»

«ቀኙስ እንዴት ነው?»

ይህን ሁሉ የምትለው ላሟን እያለበች ነው፤ ሰው ባያልፍም ሁልጊዜ ጎህ ሲቀድ ላሟንና አፍናንን በዚሁ ድምፅ ታነጋግራለች። ወተት ቅሉን ሲመታ ድምፅ አለው፤ ሰላምታ ደግሞ ከወተት በላይ መሰማት አለበት። ኑርሁሴን ማማው ላይ ሲደርስ ድኩላው ሄዷል። የተቀነጠሰው አገዳ ገና ውሃ ያንጠባጥባል።

«ሰላምታው አባረረው» አለ ኑርሁሴን፤ ይህም በቃሉ ትክክለኛ ትርጉም መባረር ቢሆን እንኳ አልጠቀመውም።

እሑድ በሹክሹክታ ሊሞክር አሰበ። ዳገቱ ሥር ሲደርስ «አሰላሙ ዐለይኩም» አለ፣ ለራሱ እንኳ በማይሰማ ድምፅ።

«ውይ! ድምፅህ!» አለች ፋጡሜ። «አፍናን! አንቺ አፍናን! ዝንጅብል አፍዪ! የኑርሁሴን ጉሮሮ ተዘጋ!»

«አልተዘጋም፣ እቴ» አለ በሹክሹክታ።

«ይኸው! ጭራሽ አይሰማም!»

በአንድ እጁ ቀስት፣ በሌላው ትኩስ ዝንጅብል ይዞ ማማው ላይ ወጣ። ዝንጅብሉ ጥሩ ነበር።

ሰኞ ቃል ሳይወጣው በእጁ ብቻ ሊያልፍ ወሰነ። መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ። ፈረንጁ ቢያየው የሚኮራበት ነበር። ፋጡሜ ግን ቅሉን አስቀመጠች።

«ማን?» አለች።

ኑርሁሴን ዝም እንድትል ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ወይኔ! መርዶው ገና አልተረዳም? ለማን ነው ያልተረዳው?»

ፀሐይ ሳትሞቅ አሥራ አንድ ሰው ሰዓዲያ ደጅ ተቀምጧል። ሰዓዲያ በሯን ከፍታ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ማን ነው የሞተብኝ?» አለች።

«እኛም አንቺን ልንጠይቅ ነው የመጣን» አሉ።

ለለቅሶ የመጣን ሰው፣ የሞተ የለም ተብሎ በባዶ አፉ አይሸኝም። ሻይ ተፈላ፣ ቆሎ ቀረበ፤ ከላይኛው ሰፈር የሰሙት ማክሰኞ መጡ። ማክሰኞ ኑርሁሴን ማማ አልወጣም፤ ማንም ያልሞተበት ሐዘንተኛ ሆኖ ቤቱ ዋለ። ሰዓዲያ የሻይ ብርጭቆ ባቀበለችው ቁጥር «ሦስት ቀን ቀረህ» ትለዋለች። ሙሄም መጥቶ ቁጭ ብሎ፣ ቆሎውን እየቆረጠመ፣ ምንም አላለም።

ረቡዕ ነው ያ የሆነው።

ረቡዕ ኑርሁሴን አሸዋውን እንደ ጨረሰ ጎንበስ አለ። የፋጡሜ ግቢ በቁልቋል የታጠረ ነው፤ በቁልቋሉ ጥላ ተጣብቆ፣ ቀስቱን ከሆዱ ሥር ይዞ፣ ትንፋሹን ውጦ አለፈ። ፋጡሜ ጀርባዋን ሰጥታ ታልባለች። ላሟ ዞራ አየችው። ፋጡሜ አልዞረችም። አላየችኝም ብሎ ደስ አለው።

ማማው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ያን ቀን ማለዳው ዝም ያለ ነበር። ፋጡሜም ዛሬ እንደ ወትሮዋ ላሟን እንኳ ሳታነጋግር ዝም ብላለች። ድኩላው ከደኑ ጫፍ ብቅ አለ። ኑርሁሴን ከነነፍሱ ሲያየው የመጀመሪያው ነው። ድኩላው ግን ወደ ማሽላው አልገባም። ጆሮውን አቆመ፤ ወደ አሸዋው አዞረ፤ ወደ ፋጡሜ ቤት አዞረ፤ የሆነ ነገር የጎደለበት ይመስላል። ከዚያ እንደ ውሻ አንዴ ጮኸና ወደ ደኑ ተወረወረ።

ኑርሁሴን ስልኩን አውጥቶ ፈረንጁን እንደገና አየው። ፈረንጁ ያለውን ሁሉ አድርጓል። አንድም አላጎደለም።

ፋጡሜ ግን አይታው ነበር። ላም ዞራ ያየችውን ነገር የምታልባት ሴት ሳታይ አትቀርም። ወተቱን ሳታጠልል ተወችው። እስከ ቀትር ወሬው ሰፈሩን ዞረ፤ ኑርሁሴን በፋጡሜ ደጅ አጎንብሶ አለፈ፣ ያጎነበሰውም ዓይኗን ላለማየት ነው። እስከ ማታ ምክንያቱ ተገኘ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ከሰንበቴ ስትመለስ ኑርሁሴን ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላ፣ ከፍየሎች ጋር አስቀምጧት ነበር። በዚህ ምክንያት ማኩረፍ የነበረባት እሷ ናት። ይህ ግን ማንንም አላስጨነቀም።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ኑርሁሴን ቤት መጡ፤ ሸህ ዓብዱልመጂድ፣ ሙሀመድኑርና ሙሄ።

«ነገ ከሱብሂ በኋላ ከፋጡሜ ጋር እናስታርቅሃለን» አሉ ሸሁ። «ማማው ሥር።»

«ሸሆቹ፣ እኔ ከማንም አልተጣላሁም። ከእሷም ጋር። በአላህ።»

«ያልተጣላ ሰው መታረቅ አይከብደውም።»

«እሺ፣ ለምን ማማው ሥር? እዚሁ ቤት ብንታረቅስ?»

«እርቅ በደሉ ባለበት ነው።»

«በደሉማ ያለው እሷ ደጅ ነው!»

ሸሁ ጢማቸውን ያዙ። «የበደሉ መንገድ የሚያበቃው ማማው ሥር ነው» አሉ።

«ደግሞም ማለዳ ነፋሱ ከላይ ወደ ታች ነው» አለ ሙሀመድኑር። ሁሉም አዩት። እሱም መስኮት ፈለገ።

ኑርሁሴን ለመነ። «ነገ የመጨረሻ ቀኔ ነው፤ ከነገ ወዲያ በፈለጋችሁበት ልታረቅ። ከፈለጋችሁ ከከሚሴ ሕዝብ ሁሉ ጋር ልታረቅ።»

«ወንድሜ» አለ ሙሄ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መናገሩ ነው፤ «ሰው ሳይታረቅ አድሮ ቢሞትስ?»

ሲወጡ ሰዓዲያ ደጃፉ ላይ ቆማ ሸኘቻቸው። ተመልሳም «ነገ ጁምዓ ነው» ብቻ አለችና ነጠላዋን ደርባ ወደ ጎረቤት ወጣች። ሲመሽ ነው የተመለሰችው።

ጁምዓ ማለዳ ኑርሁሴን በአሸዋው ሲመጣ ሁሉም ቀድመውታል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ማማው ሥር ተደርድረው ተቀምጠዋል። ያን ያህል ብርድ አልነበረም፤ ሦስቱም ግን ወፍራም ጋቢ እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል። ፋጡሜ ትንሽ ራቅ ብላ፣ ፊቷን ወደ ከሚሴ አዙራ፣ እንደ ተበደለ ሰው ቆማለች።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አለ ኑርሁሴን፣ በሙሉ ድምፁ። ከእንግዲህ የሚደበቅ ነገር የለም። «ከላይ ሆኜ ልታረቅ። ቢያንስ ወፉን ልጠብቅ።»

«ከላይም ይሆናል» አሉ ሸሁ፣ ለእርቅ በሚገርም ፍጥነት።

ወጣ። ቀስቱን ከጎኑ አስቀመጠ። ሸሁ አጭር ዱዓ አደረጉና ፈረዱ። «ኑርሁሴን፣ ያስቀረኸውን ሰላምታ አሟልተህ ስጣት። ፋጡሜ፣ አንቺም ተቀበይና አፉ በዪው።»

ፋጡሜ ዞረች። «የእሑዱ ግማሽ ነው» አለች። «የሰኞው በእጅ ነው። የረቡዑ ጭራሽ የለም።»

«አፉ በዪኝ እቴ፣ ሁሉንም እሰጣለሁ።»

«እንግዲያው፣ አሰላሙ ዐለይኩም!»

«ወዐለይኩሙ ሰላም!»

«አካም ቡልቴ? ነጋያ?»

«ነጋያ፣ አልሐምዱሊላህ!»

ተራራው ድምፃቸውን ተቀብሎ መለሰው። እሑድ ተሟልቶ ሰኞ ላይ ሲደርሱ ድኩላው ከደኑ ወጣ።

አልሮጠም፤ አልቆመም። ጆሮውን ወደ ፋጡሜ ድምፅ ዘንበል አድርጎ፣ ሬዲዮው ተከፍቶ ወደ ቆየበት ቤቱ እንደሚገባ አባወራ ቀስ እያለ መጣ። ከማሽላው ገብቶ አንድ ራስ መረጠና መብላት ጀመረ። ኑርሁሴን ያን ጊዜ ገባው። ይህ እንስሳ ከመጣ ጀምሮ ቁርሱን የበላው በፋጡሜ ድምፅ ነው። እሷ ስትጮህ ሰው ሁሉ በየቦታው እንዳለ ያውቃል። የሚያስፈራው ዝምታው ነበር። ጡሩምባ ለለመደ መንገደኛ ጡሩምባ ሳይነፋ የሚመጣ መኪና ነው አደጋው።

«ጉልበትህስ?» አለች ፋጡሜ።

«ደኅና ነው» አለ፤ እጁ ወደ ቀስቱ ሄደ።

«ጥጃውስ?»

«ደኅና…» ፍላጻውን ጅማቱ ላይ ገጠመ። ከዚህ በኋላ መናገር አልቻለም። ቀስት የሚወትር ሰው ትንፋሹን ይይዛል፤ ሰላምታው ከተቋረጠ ደግሞ ድኩላው ይሄዳል። በጭንቀት ወደ ፋጡሜ አየ።

ፋጡሜ ወደ እሱም ወደ ድኩላውም አላየችም። ፊቷ እንደ ተኮሳተረ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ የሁለቱንም ድርሻ ብቻዋን ቀጠለች። «ሰዓዲያስ? ደኅና ናት። ልጆቹስ? አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ናቸው። ዝናቡስ? ዘንድሮ መልካም ነው። ከብቱስ? ጠግቧል…»

ኑርሁሴን ወተረ። ከእግሩ ሥር፣ ከማማው እንጨቶች መሃል፣ አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማው። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሦስተኛ። በዓይኑ ጠርዝ ወደ ታች አየ።

ሸህ ዓብዱልመጂድ ከጋቢያቸው ሥር አንድ ክንድ የሚሆን ቢላ አውጥተው በልብሳቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ሙሀመድኑር የእርቁ ቃለ ጉባኤ የሚጻፍበት ካርቶን አቃፊ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቢላ ይፈታል። ሙሄ የራሱን ስለት በአውራ ጣቱ ይፈትናል፤ የሦስቱ ትልቁ የእሱ ነው። ማንም ማንንም አያይም። እንደ ሶላት ሰልፍ ሁሉም ፊት ለፊት ነው የሚመለከቱት። የሸሁ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ የእርቅ ዱዓ አልነበረም።

«ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» አለ ኑርሁሴን በልቡ፣ ለቀቀውም።

ፍላጻው ከድኩላው ጀርባ ከፍ ብሎ ሄደና አንድ የማሽላ ራስ ቆርጦ ከእንስሳው አፍንጫ ሥር ጣለው። ድኩላው አሸተተው። በላው። ከዚያ የቀስቱ ጅማት ሲጮኽ ከማማው ሥር ተፈናጥረው ማሽላው ውስጥ የገቡትን ሦስት ሰዎች ቀና ብሎ አያቸውና፣ የሚፈልገውን ጨርሶ እንደሚነሳ እንግዳ፣ ሳይቸኩል ወደ ደኑ ተመለሰ።

ፋጡሜ «በጎቹስ?» ብላ አቆመች።

ሦስቱ ሰዎች እጃቸው ላይ ስለት ይዘው ቆመዋል። ፀሐይዋ ያን ጊዜ ነው ብቅ ያለችው፤ ቢላዎቹ አበሩ።

«ለማባረር ነው» አለ ሙሀመድኑር፣ የራሱን እያየ።

ኑርሁሴን ከማማው ወረደ። ሳምንቱ አለቀ። ሙሄን አየው፤ ሙሄ መሬት መሬቱን ያያል። የከሚሴ መናኸሪያ፣ የባጃጁ ጩኸት፣ «ተራህን ጠብቅ!» እያለ ሲቆም ታየው።

በዋናው መንገድ በኩል የሰው ኮቴ ተሰማ። ሰዓዲያ ናት። ደረቅ ቅጠሉን ሁሉ እየረገጠች፣ በድኩላው መኝታና በድኩላው ገበታ መሃል ቀጥ ብላ ትመጣለች። ራሷ ላይ ትልቅ ድስት ተሸክማለች፤ ብብቷ ሥር እንጨት፣ እጇ ላይ ፌስታል አለ። ድስቱ የሠርግ ድስት ነው። እንዲህ ያለ ድስት በማለዳ አይገኝም፤ በዋዜማው ከባለቤቱ መለመን አለበት።

ደርሳ ቆመች። ቀስቱን አየች፤ ሦስቱን ቢላዎች አየች፤ ድኩላ የሌለበትን ማሽላ አየች።

«ሳትኩት፣ ሰዓዲያ» አለ ኑርሁሴን።

ሰዓዲያ ድስቱን አወረደችና መሬት ላይ አስቀመጠች። ውስጡ ዘይትና በርበሬ፣ በወረቀት የተቋጠረ ጨውም አለ። ፌስታሉን ፈታች፤ ሽንኩርት ነው፤ ግማሹ በሌሊት ተከትፎ ያደረ፣ ግማሹ ገና ከነልጣጩ። ድንጋይ ፈልጋ ተቀመጠች፤ እጇን ወደ ወንድሟ ዘረጋች።

«አያ ሙሄ» አለች፤ «ቢላህን አቀብለኝ። ሽንኩርቱ አላለቀም።»

ሙሄ ቢላውን በእጀታው በኩል አዙሮ ሰጣት። ሰዓዲያ መላጥ ጀመረች። ሸሁ ቁጭ አሉ፤ ሙሀመድኑርም ቁጭ አለ፤ ፋጡሜ እንጨቱን ሰብስባ ሦስት ጉልቻ ፈለገች። ሽንኩርቱ ለምን እንደሚከተፍ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።